ልጅ ያቦካው ለእራት ይበቃል

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ታላላቆቻችን ይህን የሚሉት ልጅን ለመናቅ ሳይሆን፣ የልጅ ሥራ አዋቂ ሳያየው እንዳይታመን ለማሳሰብ ነው። እኔም በመምህርነት ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ወዲህ ተረቱን ለመጥቀስ እንጂ እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ጊዜ አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ተማሪዬ ተረቱን ገለበጠብኝ። ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

የማስተምረው በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ሲ.ኤም.ሲ. ከሚባለው ሰፈር አቅራቢያ ነው። ስሙ በዚያ ከሠራ አንድ የኢጣልያ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ስም የቀረ ነው። የከተማው ዳርቻ የነበረው ስፍራ ዛሬ ፎቅ ከፎቅ የሚተያይበት ሆኗል። በመካከሉ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፤ በስተሰሜን ባሕር ዛፍ የለበሰው የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ቁልቁል ይመለከተዋል። በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተቋቋመው የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በአንድ ጎዳና ላይ ደብተር የያዘ ተማሪና መታወቂያ ያንጠለጠለ የመንግሥት ሠራተኛ ትከሻ ለትከሻ ሲተላለፉ ይታያሉ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለእነዚሁ ለሁለቱ ነው።

የሚያንቀላፋው ተማሪ

ተማሪዬ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ታሪክ ሳስተምር ከበስተኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የክፍለ ጊዜውን እኩሌታ ያንቀላፋል። ብጠይቀው አይመልስም፤ ብቆጣው አንገቱን ይደፋል። ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጣሁት። በሦስተኛው ለእናቱ ደብዳቤ ጻፍሁ። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ «ልጅዎ ለትምህርት ፍላጎት የሌለው ስለሆነ፣ ጊዜውን በከንቱ ከሚያጠፋ ሌላ ሥራ ቢፈለግለት ይሻላል» የሚል ነበር። ጽፌ ስፈርም ተግባሬን የፈጸምሁ መስሎኝ እንደ ነበር አልደብቅም።

ደብዳቤውን በላክሁ በሳምንቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰፈራችን ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቅጥር ግቢ ሳልፍ፣ ከአንድ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የሕፃናት ሳቅ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ባይ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሕፃናት በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በፊታቸው ነጠላውን አጣፍቶ የቆመው ያ የሚያንቀላፋው ተማሪዬ ነው።

የሚያስተምራቸው የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነበር። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ሞክራ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፤ ከዚህም ተምሮ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ ይባላል። ተማሪዬ አንዱን ሕፃን ትል አድርጎ የዳሱን ምሰሶ ያስወጣዋል፤ ሕፃኑ ተንሸራትቶ ሲወርድ ሌሎቹ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያሉ ይቈጥራሉ። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ሰባተኛው ላይም ብትወድቅስ?» ስትል ጠየቀችው። እርሱም ሳይዘገይ፣ «ስምንተኛ አለላት እኮ!» አላት።

ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ ይህን ስሰማ የጻፍሁት ደብዳቤ ትዝ አለኝ። እኔ ለእርሱ ሰባተኛውን እንኳ አልፈቀድሁለትም ነበር።

በማግሥቱ ጠርቼ አነጋገርሁት። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ መሆኗን፣ እርሱም ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ እንጀራውን እያደረሰ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ሰማሁ። ትምህርቱንም ትቶ ከመገናኛ አያት በሚመላለስ ታክሲ ረዳት ሊሆን ቃል ገብቶ ነበር። «ታዲያ እሑድ ጠዋት አትተኛም?» አልሁት። መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ቲቸር፣ እዚያ ብቀር ሠላሳ ልጆች ይጠብቁኛል። እዚህ ብቀር ግን ስሜ ላይ ምልክት ይደረጋል እንጂ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።»

ችግሩ ምን ያህል ነው?

ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሔት ላይ ባላወጣሁት ነበር። ነገር ግን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። መሻሻል መኖሩ ያስደስታል፤ ይሁን እንጂ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው የጥያቄውን እኩሌታ መመለስ ካቃታቸው፣ ሁሉም ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህራን ኑሮና ዝግጅት፣ በየአካባቢው የደረሰው ጦርነትና መፈናቀል ለዚህ ውጤት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እነዚህን የሚያርመው መንግሥት ነው። ወላጆችን ብትጠይቁ ግን ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ ያላክካሉ። በእርግጥ ቲክ ቶክ ሲያዩ የሚያነጉ ልጆች አሉ። ነገር ግን በዚያው ስልክ፣ በቴሌግራም፣ የትምህርት ማስታወሻ ሲለዋወጡ የሚያመሹም አሉ። ስልክ ልጁን የያዘው ስለሚያብለጨልጭ ብቻ አይደለም፤ መልእክቱን የሚጠብቅ፣ ለጻፈው የሚመልስ ሰው በዚያ በኩል ስላለ ጭምር ነው። እኛ ግን በክፍል ውስጥ ከልጁ የምንጠብቀው ዝምታ ብቻ ነው። ለተማሪ የተውንለት አንድ ሹመት ቢኖር የክፍል አለቃነት ነው፤ ሥራውም የሚረብሹትን ልጆች ስም እየጻፈ ማቅረብ ነው። ለልጅ የሰጠነው አደራ ጓደኞቹን መክሰስ ብቻ ከሆነ፣ ትምህርት የእኔ ነው እንዲል እንዴት እንጠብቃለን?

አባቶቻችን እንዴት ያስተምሩ ነበር?

ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአገራችን የተቋቋመው በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ትምህርት የነበረው በቤተ ክርስቲያን ነበር። እስቲ የዚያን ትምህርት ቤት አሠራር በጥቂቱ እንመልከት።

በንባብ ቤት አንድ መምህር በዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ሕፃናት ይዞ ይቀመጣል። አንዱ ሀሁ ይላል፤ አንዱ አቡጊዳ ይቈጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። መምህሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያስተምር አይችልም። ስለዚህ ዳዊት የጀመረው መልእክት ለሚያነበው፣ መልእክት የሚያነበው ፊደል ለሚቈጥረው ያሳያል። ሀሁን ትናንት የጨረሰ ልጅ ዛሬ ሀሁን ለሚጀምር ታናሹ መምህር ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ እንደሆነ ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ፣ ድግስ ደግሶ ጎረቤት ይጠራለታል።

ወደ ቅኔ ቤት ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን በየጥጋጥጉ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል። ሲመሽ ያሰናዳውን ለመምህሩ ወይም አስነጋሪ ለሚባለው ከፍ ላለው ተማሪ ይነግራል፤ እርሱም ያርምለታል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረው ልጅ ከዓመታት በኋላ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይሞላል። በቅኔ ቤት የትናንቱን መድገም ወይም የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ በየጊዜው አዲስ ይፈለጋል። እንግዲህ መልስ ከጓደኛ መቅዳት ስለ በዛ ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ አጓጉዘን ለመፈተን ከተገደድንበት ከዚህ ዘመን ጋር አስተያዩት። የቅኔ ተማሪ ሊቀዳ ቢፈልግ ከማን ይቀዳል? ከእርሱ የሚጠበቀው የራሱ ነዋ!

በወሎ በየሼኾቹ ዘንድ የሚማሩት የእስልምና ተማሪዎች፣ ደረሶቹም፣ እንዲሁ ከአገር አገር እየዞሩ፣ የበረታው ደካማውን እያገዘ የሚማሩ ነበሩ። ነገሩ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የአገሩ ልማድ ነው ማለት ነው።

ይህን ስል የቀድሞውን ሁሉ አመሰግናለሁ ማለቴ አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ሲለምን ውሻ ያባርረው፣ ረኀብና ተስቦ ይጥለው ነበር። የመምህሩ አለንጋም ቀላል አልነበረም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሴቶች ልጆች ከዚህ ማዕድ ተገልለው መቅረታቸው ነው። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ፣ ከአባታቸው የቀሰሙትን ቅኔ ለብዙ ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ መኖራቸው፣ ሴቶች ዕድል ቢያገኙ ኖሮ ምን ያህል ሊቃውንት እናፈራ እንደ ነበር ይመሰክራል። አለንጋውንና ልመናውን እንተው፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር «የተማርኸውን ለታናሽህ አሳይ» የሚለውን ሥርዓት ጭምር መጣላችን ትልቅ ስሕተት ነው።

በሌላው ዓለምና በቅርቡ ታሪካችን

ይህን አሠራር ሌሎችም አገሮች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1780 ሮበርት ሬይክስ የተባለ የጋዜጣ ባለቤት በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተር ከተማ፣ ስድስቱን ቀን በሥራ ለሚውሉ ድኾች ልጆች የሰንበት ትምህርት ቤት ከፈተ። ጥቂት ቆይቶ አንድሩ ቤል የተባለ ቄስ በሕንድ አገር በማድራስ፣ ጆሴፍ ላንካስተር ደግሞ በለንደን፣ ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን የሚያስተምሩበትን ዘዴ አስፋፉ። በአንድ መምህር ብዙ መቶ ልጆች ይማሩ ነበር። ዘዴው በኋላ የተነቀፈው እንደ ወታደር ሰልፍ ግትር ስለ ሆነና ልጆቹ ሳይገባቸው ስለሚደግሙ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ አደራው መልካም ቢሆንም መሪ መምህር ከሌለው እንደሚበላሽ ነው።

በአገራችንም በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ እያደር በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ አስተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። በዘመኑ የነበረውን ግፍና የግዳጅ ሥራ አልዘነጋሁትም። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ወጣት የነበሩትን ብታነጋግሩ፣ ብዙዎቹ በፋኖስ ብርሃን አንድ ሽማግሌ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ ያዩበትን ሌሊት ሲያስታውሱ ፊታቸው ይበራል።

በቤተ ክርስቲያን በኩልም በዚያው አስቸጋሪ ዘመን ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ገዳም ወጣቶችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ወጣቶቹም ወደየመጡበት ተመልሰው የተማሩትን እንዲያስተምሩ ይልኳቸው ነበር እንጂ፣ ተምረው እንዲቀመጡ አልነበረም። ዛሬ በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ታላላቆቹ ሕፃናቱን ሲያስተምሩ የምናየው ከዚህ ዓይነት ዘር የበቀለ ነው።

«አንድ ለአምስት» አይሆንም ወይ?

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ አሁን «ይህማ አንድ ለአምስት ነው!» ሳትሉ አትቀሩም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት በየትምህርት ቤቱ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን እንዲያስጠና ተብሎ ተደራጅቶ ነበር። እኔም ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ስሆን የአምስት ልጆች አለቃ ነበርሁ። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ቅጽ እሞላለሁ፤ «ተወያይተናል» ብዬ እፈርማለሁ። ውይይት ግን አልነበረም። መምህሩ ቅጹን ለርእሰ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩ ለበላይ ይሰጣል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከአምስቱ አንዱ ማንበብ ሳይችል ከእኔ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። ስሙን እየጠራሁ ስፈርም መኖሬን ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ለአምስት ልጁን ለበላይ ተጠያቂ አደረገው፤ የዳሱ ተማሪዬ ግን የሚጠየቀው ለታናሾቹ ነው። ቅጽ ስለ ልጅ ለሌላ ሰው ይናገራል፤ «ጋሼ፣ ብትወድቅስ?» ብላ የምትጠይቅ ሕፃን ግን መልሷን እዚያው ትፈልጋለች። ሳይዘጋጅ የሄደ አስተማሪ ከእርሷ ፊት ሊደበቅ አይችልም።

እኛ የሞከርነው

ከዚያ ሰኞ በኋላ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተመካክሬ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ የ11ኛ ክፍል ልጆች የ9ኛ ክፍል ታናሾቻቸውን እንዲያስጠኑ አደረግን። ደንቡ ሦስት ብቻ ነበር። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አስጠኚ በስም የሚያውቀው የራሱ ታናሽ ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ የሚያስጠናውን ሰኞ ከመምህር ጋር ይዘጋጅበታል። ሦስተኛ፣ ቅጽ አይሞላም።

ሁሉ ነገር እንደ ሰም ቀለጠ ብዬ አልዋሻችሁም። በመጀመሪያው ረቡዕ ዐሥራ አራት አስጠኚዎች መጡ፤ በሦስተኛው ስድስት ቀሩ። አንዷ ልጅ ታናሿን እኔ ከምቆጣው በላይ ተቆጥታ አስለቀሰቻት። ሌላው በ1860 ዓ.ም. የሆነውን የመቅደላን ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ከሆነው ከዐድዋ ጋር አቀላቅሎ አስተማረ። ስሕተቱን ሰኞ ዕለት ስንነግረው አፈረ፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ረቡዕ በታናሹ ፊት ቆሞ «ባለፈው የነገርሁህ ስሕተት ነው» አለው። ይህን ቃል ከመምህራን አፍ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ያ ልጅ ዛሬ ከክፍሉ ሁሉ ለዓመተ ምሕረት የሚጠነቀቅ ሆኗል። የቀሩትም አስጠኚዎች፣ ታናሾቻቸው በደጅ እየጠበቁ «ዛሬስ አትመጡም?» ስላሏቸው ከፊሎቹ ተመለሱ።

በበጋው ማለቂያ ልጆቹን ይዘን ከየካ በላይ ባለው ተራራ ወደሚገኘው ዋሻ ሚካኤል ወጣን። ይህ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለ ዕድሜው ሊቃውንት ገና አልተስማሙም። ከደጃችን ሆኖ ሳለ ከልጆቹ አብዛኞቹ ስሙን እንጂ ስፍራውን አያውቁትም ነበር። ያን ቀን እኔ አላስተማርሁም። ያ የሚያንቀላፋው ተማሪዬ ከፊት ቀድሞ፣ ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደ ተፈለፈለ፣ ላሊበላ ካሉት ጋር በምን እንደሚመሳሰል ሲያስረዳ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ የጠየቀውን አላወቀውምና «ለረቡዕ አንብቤ እመጣለሁ» አለው። አንብቦም መጣ።

ውጤቱን በእውነት ልንገራችሁ። ታክሲ ላይ ረዳት መሆኑን ትቶ 12ኛ ክፍል ገብቷል። በታሪክና በአማርኛ ደኅና ሆኗል፤ ሒሳብ ግን ዛሬም ያስቸግረዋል። አገር አቀፉን ፈተና በዚህ ዓመት ይወስዳል። ያልፋል ብዬ አልምልላችሁም። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቱ ቀንሷል፤ ቢያንቀላፋም ለምን እንደ ሆነ ስለማውቅ አላስወጣውም።

ለቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎችም አንድ ቃል

ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን ርቋል የሚለውን ለቅሶ ዘወትር እንሰማለን። እውነት ነው፤ ረዥሙ ስብከት ሲሰበክ ከቅጥር ውጭ ቆሞ ስልኩን የሚነካካ ብዙ ነው። ነገር ግን ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ያንኑ ወጣት ተመልከቱት። ገንዘብ አዋጥቶ፣ አስፋልቱን ጠርጎ፣ ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ ሲያነጥፍ፣ ከኋላ ያለውን ጠቅልሎ ተሸክሞ ወደ ፊት እየሮጠ ደግሞ ሲያነጥፍ፣ ፀሐዩና አቧራው አይበግረውም። ማንም አላዘዘውም፤ ሥራ እንዳለው ስላየ ነው የመጣው። ምንጣፉ በጥር የሚሰጠውን ሥራ፣ በቀሩት ወራት ማን ይስጠው? መዘመር የሚችለው በመዝሙር ክፍል ስፍራ አለው። ድምፅ የሌለው ግን መጻሕፍቱን እንዲያደራጅ፣ ሒሳቡን እንዲጽፍ፣ መብራቱን እንዲጠግን፣ ፊደል ለማያውቁ እናቶች ፊደል እንዲያሳይ ቢደረግ፣ ከደጅ የቆመው ወደ ውስጥ ይገባ ነበር።

የደብዳቤው ነገር

ወደ ጨዋታዬ ልመለስና፣ ዋሻ ሚካኤል ደርሰን በተመለስን ማግሥት የጻፍሁትን ደብዳቤ አስመልሼ ልቀደው ወደ ተማሪዬ ቤት ሄድሁ። እናቱ ከምጣዱ ሥር ተነሥታ፣ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች በአክብሮት ተቀበለችኝ። ስለ ደብዳቤው ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ። «ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፣ መምህር? እኔማ ማንበብ አልችልም፤ ልጄ አንብቦልኛል። ‹ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ይበርታ› ይላል አለኝ። ከዚያ ወዲህ እየጸለይሁልዎ ነው» አለችኝ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ልጁ ዋሽቷል፤ ይህን አልክደውም። ነገር ግን ደብዳቤው መሆን የነበረበት እርሱ እንዳነበበው እንጂ እኔ እንደ ጻፍሁት አልነበረም። አሁን ያ ልጅ ማታ ማታ፣ እንጀራው ከመጋገሩ በፊት፣ ለእናቱ ፊደል ያስቈጥራታል። አንድ ቀን ደብዳቤዬን ራሷ ታነበዋለች ብዬ እፈራለሁ፤ ደግሞም እንድታነበው እመኛለሁ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ነገሬን ልጠቅልል። አንተ ተማሪ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ትምህርት ቢሰለቻችሁ ከእናንተ በታች ካለው ክፍል አንድ ልጅ ፈልጉና የምታውቁትን አስረዱት፤ የማታውቁት ያን ጊዜ ይገለጥላችኋል። አንተ በመሥሪያ ቤት ያለህ ወጣት ጸሐፊ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከምታሳልፈው ጊዜ ሁለት ሰዓት ቈርሰህ በሰፈርህ ላሉት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ብትሰጥ ደመወዝህ አይቀነስም፤ ስምህ ግን በአንድ ቤት ይጸለይበታል። እኛ መምህራንም «ሰነፍ» ብለን ከመፈረማችን በፊት፣ ልጁ እሑድ የት እንደሚውል እንጠይቅ።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል፤ እውነት ነው። እኔ የምጨምረው፣ ለማስተማር መጠምጠም አያስፈልግም የሚለውን ብቻ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የምንለው ሊጡን ሳናስነካው ነው። ዱቄቱን እንስጠው፤ ውሃውን ሲያበዛ እንንገረው፤ የሚበላ ታናሽ ከፊቱ እናስቀምጥለት። ያን ጊዜ ልጅ ያቦካው ለእራት ብቻ ሳይሆን፣ ለነገ ቁርስም ይተርፋል።